ውዱ መብረር ነው ወይስ መፍጠን? የክረምት ምኞቶቻችን በፊዚክስ ሚዛን

የመጨረሻው የፈተና ወረቀት ከተሰበሰበ በኋላ በተማሪዎች መካከል የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ክረምቱን ምን ለማድረግ አስበሃል? አስበሻል?» የሚለው ነው። የአብዛኞቻችን መልስ የታወቀ ነው፤ ወደ ቤተሰብ መሄድ፣ ታናናሾችን ማስጠናት፣ አጭር ሥልጠና መውሰድ፣ ሥራ ከተገኘም መሥራት። ጥያቄው «ገንዘብ ቢኖርህስ?» ተብሎ ሲቀርብ ግን መልሱ ሌላ መልክ ይይዛል። አንዱ አውሮፕላን ማብረር እማር ነበር ይላል፤ ሌላዋ የውድድር መኪና እነዳ ነበር ትላለች። እኛም በተማሪነታችን ዘመን ይህንኑ ስንመኝ ኖረናል፤ ዛሬም አልተውነውም። በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ሁለት ምኞቶች እንደ ቅዠት ሳይሆን እንደ ፊዚክስ ጥያቄ ወስደን እንመረምራቸዋለን። ጥያቄያችንም ይህ ነው፤ እነዚህን የጊዜ ማሳለፊያዎች ውድ ያደረጋቸው ምንድን ነው?

በሌሎች አገሮች እነዚህ ምኞቶች የብዙ ሰዎች የዕረፍት ጊዜ ሥራ ናቸው። በጀርመን አገር ኑርቡርግሪንግ የተባለውና እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተው የውድድር ጎዳና ዛሬ የ20.8 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው። ውድድር በማይካሄድባቸው ቀናት መንጃ ፈቃድ ያለው ማንኛውም ሰው የዙሩን ክፍያ ከፍሎ የራሱን መኪና ይነዳበታል። በረራም እንዲሁ መምህሩና ሐኪሙ፣ ነጋዴውና መካኒኩ ቅዳሜና እሑድ የሚውሉበት ጉዳይ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለግል አብራሪነት ፈቃድ ያስቀመጠው ዝቅተኛ የበረራ ልምድ በመደበኛው 40 ሰዓት ሲሆን የአውሮፓ ሕግ 45 ሰዓት ይጠይቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንወድም። የእነርሱ «ሰመር» እና የእኛ ክረምት በመዝገበ ቃላት እኩል ተደርገው ይተረጎሙ እንጂ ሰማያቸው አንድ አይደለም። በእነርሱ ዘንድ ወቅቱ ፀሐይ የሚበዛበት፣ ቀኑም የሚረዝምበት ነው። በእኛ ዘንድ ግን ሐምሌና ነሐሴ ከቀትር በኋላ ነጎድጓዳማ ደመና የሚከመርበት ጊዜ ነው። ትንሽ አውሮፕላን ይዞ እንዲህ ባለ ደመና አጠገብ መገኘትን ማንም አስተማሪ አይፈቅድም። ስለዚህ የበረራ ምኞት ያለው የአገራችን ተማሪ ክረምቱን ከአብራሪ ወንበር ይልቅ በወረቀትና በእርሳስ አጠገብ ቢያሳልፈው የአየሩ ጠባይም ይስማማዋል።

ዋጋውን በብር ብንጽፈው መጽሔቱ ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ በሊትር እንቁጠር። በዓለም ላይ በብዛት በመመረት ተወዳዳሪ ያልተገኘለት የመለማመጃ አውሮፕላን ሴስና 172 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1955 ለመጀመሪያ ጊዜ ከበረረ ወዲህ ከ44,000 በላይ ተሠርቷል። ይህ አውሮፕላን በሰዓት 33 ሊትር ያህል ቤንዚን ያቃጥላል። 40 ሰዓት የሚማር ተማሪ እንግዲህ 1,320 ሊትር ይፈጃል ማለት ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የምትበላ ትንሽ መኪና በዚህ ነዳጅ 16,500 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ ያለውን መንገድ 275 ኪሎ ሜትር ብንወስድ 30 ጊዜ ደርሶ መልስ ነው። የአስተማሪው፣ የጥገናው፣ የመድኅኑ ወጪ ገና አልተቆጠረም።

ፍሬን ውስጥ የሚያልቀው ጉልበት

ከመኪናው እንጀምር። መጠነ ቁሷ 1,000 ኪሎ ግራም የሆነች መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሄድ የምትይዘው የእንቅስቃሴ ጉልበት የመጠነ ቁሷ ግማሽ በፍጥነቷ ካሬ ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ፍጥነቱን ወደ ሜትር በሴኮንድ ለውጠን ስናሰላው 139 ኪሎ ጁል ይሆናል። በ180 ኪሎ ሜትር ስትሄድስ? ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ስለሆነ ጉልበቱ ዘጠኝ እጥፍ፣ ማለትም 1,250 ኪሎ ጁል ነው።

አሁን ነጂው ጠመዝማዛ መንገድ ፊት ለፊቱ አየና ከ180 ወደ 60 ለመቀነስ ፍሬን ያዘ እንበል። 1,111 ኪሎ ጁል የሚሆን ጉልበት በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። የአራቱ ጎማዎች የፍሬን ዲስኮች በድምሩ 28 ኪሎ ግራም ብረት ናቸው ብንል፣ የአንድ ኪሎ ግራም ብረትን መጠነ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ለመጨመር ደግሞ 450 ጁል ያህል ስለሚያስፈልግ፣ ዲስኮቹ በአንዱ ፍሬን ብቻ 88 ዲግሪ ይግላሉ። አምስት ጊዜ በተከታታይ ቢያዝና በመካከሉ የሚያቀዘቅዝ ጊዜ ባይኖር ጭማሪው ከ400 ዲግሪ ያልፋል።

አዲስ የገባች ነጂ በመጀመሪያው የውድድር ቀኗ የምታወጣው ገንዘብ የሚሄደው እዚህ ነው፤ ለፍሬን ሸራ፣ ለጎማና ለፍሬን ዘይት። የፍሬን ዘይት ነገር በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል። ዶት 4 ተብሎ የሚታወቀው ዘይት አዲስ ሳለ የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት። ነገር ግን ከአየር እርጥበት የመምጠጥ ጠባይ አለው። ውኃ ሲገባበት ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ መፍያ 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ከፈላ በቱቦው ውስጥ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል። ፈሳሽ አይታመቅም፤ እንፋሎት ግን ይታመቃል። እግር ፔዳሉን ሲጫን ግፊቱ አረፋውን ያምቃል እንጂ ሸራው ዘንድ አይደርስም፤ ፔዳሉም ያለ ምንም ተቃውሞ ወደ ወለሉ ይወርዳል።

ይህ የውድድር ሜዳ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከፍታ ልዩነቱ 1,400 ሜትር ያህል ነው። ያችው 1,000 ኪሎ ግራም መኪና ይህን ስትወርድ ወደ 13,700 ኪሎ ጁል የሚጠጋ ጉልበት ትለቃለች፤ ከ180 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ ዜሮ 11 ጊዜ እንደ መቆም ማለት ነው። ልምድ ያላቸው ሾፌሮች ከባድ ማርሽ አስገብተው ሞተሩ መኪናውን እንዲይዘው የሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ነው። ጉልበቱ በዲስኩ ብቻ ሳይሆን በሞተሩም በኩል እንዲወጣ መንገድ እየከፈቱለት ነው።

የአየሩ ግብር

ፍሬን ሳይያዝ ቀጥ ባለ ጎዳና መሄድም ነጻ አይደለም። መኪናዋ አየሩን ገፍታ ማለፍ አለባት። የአየሩ ተቃውሞ በፍጥነት ካሬ ያድጋል። በአንድ ሴኮንድ የሚወጣው ጉልበት፣ ማለትም አቅም፣ ተቃውሞው በፍጥነት ሲባዛ የሚገኘው ስለሆነ በፍጥነት ኩብ ያድጋል። ለተራ የቤት መኪና ስናሰላው በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ላይ አየሩን ለማሸነፍ 6 ኪሎ ዋት፣ ወይም 8 የፈረስ ጉልበት ይበቃል። በ180 ኪሎ ሜትር ላይ 49 ኪሎ ዋት፣ ወይም 65 የፈረስ ጉልበት ያስፈልጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሆነ፤ የሚያስፈልገው አቅም ስምንት እጥፍ። ለውድድር የተገዛ ሞተር ሁሉ ዋጋው በዚህ ኩብ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የመጨረሻዋን 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመጨመር የሚከፈለው ከመጀመሪያዎቹ 100 ሊበልጥ ይችላል።

ሦስት አራተኛ አየር

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በ20 ዲግሪ ሙቀት ቀን የአየሯ እፍጋት በአንድ ሜትር ኩብ 0.92 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በባሕር ወለል ላይ ያለው መደበኛ እፍጋት 1.225 ነው። ስለዚህ የምንተነፍሰው አየር ሦስት አራተኛ አየር ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል። በአየር መጭመቂያ ያልታገዘ ሞተር በእያንዳንዱ ምት የሚስበው የአየር ይዘት ያው ሆኖ ክብደቱ ግን በአንድ አራተኛ ስለሚያንስ አቅሙም በዚያው መጠን ይወርዳል። ካርቡሬተር ያላቸው አሮጌ መኪናዎች ለባሕር ወለል እንደተስተካከሉ እዚህ ሲመጡ ቤንዚናቸው ከአየሩ በላይ እየሆነ ጥቁር ጭስ የሚያወጡትም ለዚህ ነው።

ጥያቄ እናንሣ። አንዲት መኪና በጅቡቲ ወደብና በአዲስ አበባ ቀጥ ባለ ጎዳና ላይ ብትፈተን ከፍተኛ ፍጥነቷ የት ይበልጣል? ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ «ጅቡቲ» ይላል፤ ሞተሩ እዚያ ይበረታልና። ነገር ግን የአየሩ ተቃውሞም በእፍጋቱ ልክ ይወርዳል። አቅሙ ሦስት አራተኛ፣ ተቃውሞውም ሦስት አራተኛ። የጎማውን ሰበቃ ወደ ጎን ብንተወው ሁለቱ ይጣፋሉ፤ ከፍተኛው ፍጥነት አንድ ዓይነት ይሆናል ማለት ነው። የሚለየው እዚያ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ሞተሩ የአየር መጭመቂያ ካለውማ ከፍታው ትርፍ ይሆናል። በሜክሲኮ ከተማ ከ2,200 ሜትር በላይ ባለው የፎርሙላ አንድ ጎዳና እ.ኤ.አ. በ2016 መኪናዎቹ በሰዓት ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደዋል። ይሁን እንጂ መኪናውን ወደ መሬት የሚጫኑት ክንፎችም ከሳሳው አየር የሚያገኙት ጥቂት ነው። ስለዚህ ቡድኖቹ ትልልቅ ክንፎችን ገጥመው እንኳ በመታጠፊያዎች ላይ መኪናው ይንሸራተትባቸዋል። ፍሬኑንም የሚያቀዘቅዘው ያው የሳሳ አየር ነው።

አውሮፕላን ላይ ግን ይህ መጣፋት አይሠራም። ክንፍ ክብደትን የሚሸከመው በአየሩ እፍጋትና በፍጥነት ካሬ ብዜት ነው። እፍጋቱ ሲያንስ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ፍጥነቱ መጨመር አለበት። 1,100 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሴስና 172፣ 16.2 ካሬ ሜትር የክንፍ ስፋት ይዞ፣ በባሕር ወለል ላይ በሰዓት 97 ኪሎ ሜትር ላይ ክብደቱን መሸከም ይችላል። በአዲስ አበባ አየር 112 ኪሎ ሜትር ያስፈልገዋል። ለመነሣት የሚጠራቀመው የእንቅስቃሴ ጉልበት በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል፤ የሚያጠራቅመው ሞተር ደግሞ በአንድ አራተኛ ደክሟል። ሁለቱን ስናባዛቸው የመንደርደሪያው ርቀት ወደ 1.8 እጥፍ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1935 በአዲስ አበባ ተሠርታ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የበረረችው፣ ጣሊያን በጥር 2024 የመለሰቻት «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነበራት። በዚህ ሒሳብ ከተማችን ላይ የቀራት 86 ያህል ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበርና አብረውት የሠሩት ኢትዮጵያውያን ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደነበረ በዚህ ቁጥር ብቻ መገመት ይቻላል።

ዓይን የሚሳሳትበት ቦታ

በዚህ ክፍል ትንሽ እንቆይ፤ ገንዘብ ሳይሆን ሕይወት የሚከፈልበት ቦታ ነውና።

ክንፍ ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ15 ወይም 16 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ አየሩ የክንፉን የላይኛ ገጽ ተከትሎ መፍሰሱን ያቆማል። አንሺው ኃይል በድንገት ይወድቃል። አብራሪዎች ይህን «ስቶል» ይሉታል። ከሞተሩ መጥፋት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ሞተር ያልነበራቸው ጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታል 2,000 ያህል ጊዜ ከኮረብታ ተንሳፍፈው፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1896 በዚሁ ምክንያት ወድቀው በማግሥቱ አርፈዋል።

የአውሮፕላኑ የፍጥነት መለኪያ የሚለካው ፍጥነትን ራሱን አይደለም። በፒቶ ቱቦ የሚገባውን አየር ግፊት፣ ማለትም የእፍጋትንና የፍጥነት ካሬን ብዜት ነው የሚለካው። ክንፉም የሚፈልገው ይህንኑ ብዜት ስለሆነ መለኪያው በከፍታ ቦታ «ሲዋሽ» ለአብራሪው የሚጠቅመውን ውሸት ይዋሻል፤ አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላኑ በ112 እየሄደ መለኪያው 97 ያነባል፤ ክንፉም በ97 እንዳለ ሆኖ ይሠራል። መለኪያውን የሚያምን አብራሪ አይሳሳትም። የሚሳሳተው ወደ መሬት የሚያየው ነው። መሬቱ ከለመደው በላይ በፍጥነት ሲያልፍ ያያል፤ «በጣም ፈጠንኩ» ይልና ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ሁለተኛው ወጥመድ መታጠፊያው ነው። ለማረፍ የመጨረሻውን ዙር ሲታጠፉ አውሮፕላኑ ከመሬት ከ100 እስከ 150 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ይላል። የመታጠፊያው ክብ ራዲየስ በፍጥነት ካሬ ያድጋል። በባሕር ወለል ላይ በሰዓት 126 ኪሎ ሜትር እየበረረ 30 ዲግሪ ዘመም ብሎ የሚታጠፍ አውሮፕላን 216 ሜትር ራዲየስ ይፈልጋል። መለኪያው ያንኑ 126 እያነበበ አዲስ አበባ ላይ ራዲየሱ 288 ሜትር ነው። በዝቅተኛ ቦታ የተማረ አብራሪ በለመደው ሰዓት መታጠፍ ቢጀምር የማረፊያውን መስመር በ72 ሜትር አልፎ ይሄዳል። ለመመለስ ሲል የበለጠ ይዘማል። አውሮፕላን ሲዘም ክንፉ ከክብደቱ በላይ መሸከም ስላለበት የስቶሉ ፍጥነት ይወጣል፤ በ45 ዲግሪ 97 የነበረው 115 ይሆናል፤ በ60 ዲግሪ 137። አብራሪያችን በ126 ላይ ነው። በ45 ዲግሪ ይተርፋል፤ በ60 ዲግሪ አይተርፍም። ከዚያ ከፍታ ላይ አፍንጫን ዝቅ አድርጎ ፍጥነት ለማጠራቀም ቦታ የለም።

ከዚህ አንጻር የሥልጠናው ሰዓት ብዛት ውድነት ነው ብሎ ማማረር አይገባም። ከ40ው ሰዓት ውስጥ የተወሰነው እጅና እግር ዓይንን እንዳያምኑ ለማስተማር የሚውል ነው።

የምጣድ ያህል አቅም

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሴስናው በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ሲበር ክብደቱ ለአየሩ ተቃውሞ 9 እጥፍ ያህል ነው፤ ተቃውሞው ወደ 1,200 ኒውተን ይሆናል፤ በፍጥነቱ ሲባዛ 66 ኪሎ ዋት ይመጣል። 33 ሊትር ቤንዚን በሰዓት ሲቃጠል የሚወጣው ግን 290 ኪሎ ዋት ያህል ነው። ከአምስት ሊትሩ አንዱ ብቻ ይበራል፤ አራቱ በጭስ ማውጫውና በሞተሩ ማቀዝቀዣ በኩል ሰማዩን ያሞቃሉ።

አሁን ግላይደር የተባለውን ሞተር አልባ አውሮፕላን እንይ። ከነአብራሪው 350 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። ረጅምና ቀጭን ክንፍ ስላለው ክብደቱ ከተቃውሞው 40 እጥፍ ሊሆን ይችላል። በሰዓት 97 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የሚያስፈልገው አቅም 2.3 ኪሎ ዋት ነው። የቤታችን የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። እንጀራ ለመጋገር ከምናውለው ባነሰ አቅም ሰው በሰማይ ላይ ይቆያል ማለት ነው። ይህንም አቅም ቢሆን ከነዳጅ አይገዛውም። ግላይደሩ በሴኮንድ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ በፀሐይ ከሞቀ መሬት የሚነሣው አየር በሴኮንድ 2 ሜትር የሚወጣ ከሆነ በውስጡ እየተሽከረከረ ከፍ ይላል። በአውሮፓ ሕግ የግላይደር አብራሪነት ፈቃድ 15 የሥልጠና ሰዓት ሲጠይቅ፣ 14 ዓመት የሞላው ልጅ ብቻውን እንዲበር ይፈቅዳል።

66 እና 2.3። ሁለቱም ይበራሉ። ልዩነቱ የመጣው ከክብደት፣ ከክንፉ ቅርጽና ከፍጥነት ነው። ውዱ መብረር አይደለም፤ ከባድ ነገርን አፍጥኖ ማብረር ነው።

የአንድ ባለ ዕዳ የዕረፍት ጊዜ

ይህን ሐሳብ እስከ ጥጉ የወሰዱት አሜሪካዊው ፖል ማክሬዲ ናቸው። በኤሮኖቲክስ የዶክትሬት ዲግሪ የነበራቸውና እ.ኤ.አ. በ1956 የዓለም የግላይደር ሻምፒዮን የሆኑ ሰው ነበሩ። በ1976 ክረምት ከቤተሰባቸው ጋር በመኪና ለዕረፍት ሲጓዙ አንድ ነገር ያስጨንቃቸው ነበር። ለዘመድ ዋስ ሆነው 100,000 ዶላር ያህል ዕዳ ተሸክመዋል። እንግሊዛዊው ባለ ኢንዱስትሪ ሄንሪ ክሬመር በ1959 ባቋቋሙት ሽልማት መሠረት፣ በሰው ጡንቻ ብቻ የሚበር አውሮፕላን ሠርቶ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለው መንገድ ለሚዞር 50,000 ፓውንድ ይሰጥ ነበር። ፓውንዱ ሲመነዘር ከዕዳቸው ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረውም።

በዚሁ ጉዞ ላይ ከሰማይ የሚሽከረከሩ ወፎችን እየተመለከቱ ፍጥነታቸውን ያሰሉ ነበር። በወፎችና በግላይደሮች መካከል ያለውን ንጽጽር ሲያወጡና ሲያወርዱ መልሱ ታያቸው። ሒሳቡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚረዳው ነው። አንድን ቀላል ተንሳፋፊ ክንፍ ክብደቱን ሳትጨምር በሁሉም አቅጣጫ ሦስት እጥፍ አሳድገው። የክንፉ ስፋት ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ክብደቱን ለመሸከም የሚያስፈልገው ፍጥነት ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። ቅርጹ ስላልተለወጠ ተቃውሞው ያው ነው። ተቃውሞ በፍጥነት ሲባዛ አቅም ነውና አቅሙም አንድ ሦስተኛ ይሆናል። ከነሰው 100 ኪሎ ግራም ያህል ለሚመዝን ክንፍ 1.2 ኪሎ ዋት የነበረው ወደ 400 ዋት ይወርዳል። ይህን ደግሞ ጠንካራ ብስክሌተኛ ለጥቂት ደቂቃ ያወጣዋል።

የሠሩት አውሮፕላን «ጎሳመር ኮንዶር» ይባላል። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ሲሆን አካሉ ግን 32 ኪሎ ግራም ብቻ ይመዝን ነበር፤ የአሉሚኒየም ቱቦ፣ የብረት ሽቦና ስስ ፕላስቲክ። ብዙ ጊዜ ወድቆ ብዙ ጊዜ ተጠግኗል። የሚበረው ከሰው ሩጫ በማይበልጥ ፍጥነት፣ ከመሬት ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ስለነበረ የውድቀቱ ዋጋ ጥቂት ቱቦና ፕላስተር ነበር። ለእኛ የታሪኩ ጣፋጭ ክፍል ይህ ነው፤ ስሕተቱ ርካሽ ስለነበረ ብዙ ጊዜ ለመሳሳት ቻሉ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 23 ቀን 1977 ብራያን አለን የተባለው ብስክሌተኛ ፔዳል እየመታ መንገዱን ጨረሰ። ሽልማቱም ተከፈለ። ከሁለት ዓመት በኋላ እርሱው አለን በ«ጎሳመር አልባትሮስ» የእንግሊዝን ሰርጥ 35.8 ኪሎ ሜትር በ2 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ተሻገረ።

ለዚህ ክረምት

ማክሬዲ በመንገድ ላይ የሠሩትን ልኬት ማንኛችንም ልንሠራው እንችላለን። የሚያስፈልገው ሰዓት፣ ፕሮትራክተር፣ ክርና ትንሽ ድንጋይ፣ እንዲሁም ትዕግሥት ነው። ጥንብ አንሳና ጭላት በአገራችን ሰማይ ሞልተዋል፤ ደብረ ሊባኖስ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ከላይ ሆኖ ሊያያቸው ሁሉ ይችላል። በክረምት እርጥብ መሬት ለመሞቅ ጊዜ ስለሚወስድ ዝናብ ባላረፈበት ቀን ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ መውጣት ይሻላል።

ወፉ ክንፉን ሳያራግብ ሲሽከረከር አንድ ሙሉ ዙር የሚፈጅበትን ጊዜ ለኩ። አምስት ዙር ለክታችሁ ለአምስት ብታካፍሉ የበለጠ ትክክል ይሆናል። ነፋስ ካለ ወፉ ከአየሩ ጋር አብሮ ይነጉዳል፤ አፍንጫው ተመልሶ ወደ ጀመረበት አቅጣጫ የሚዞርበትን ጊዜ ከያዛችሁ ግን ነፋሱ አያሳስታችሁም። ቀጥሎ ወፉ ፊት ለፊት ሲመጣ ወይም በቀጥታ ሲርቅ የክንፎቹ መስመር ከአግድም ስንት ዲግሪ እንደዘመመ በፕሮትራክተሩ አንብቡ፤ ክሩ ከነድንጋዩ ቀጥታ ወደ ታች ያለውን አቅጣጫ ያሳያችኋል። በስልክ ፎቶ አንሥቶ ቤት መለካትም ይቻላል። ከዚያ፦

ፍጥነት = 9.8 × የዙሩ ጊዜ × የዝማሜው ማዕዘን ታንጀንት ÷ 6.28

ዙሩ 14 ሴኮንድ፣ ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ቢሆን ፍጥነቱ በሴኮንድ 12.6 ሜትር፣ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ የክቡ ራዲየስ 28 ሜትር። ማዕዘኑን በ5 ዲግሪ ብትሳሳቱ ውጤቱ 21 በመቶ ይለወጣል። ስለዚህ አንድ ወፍ ብቻ አይታችሁ አትተዉት፤ 20 ያህል ልኬት ይዛችሁ አማካዩንና ስርጭቱን አስሉ።

በዩኒቨርሲቲ ያላችሁ አንድ ደረጃ መቀጠል ትችላላችሁ። ነጭ ጀርባ ጥንብ አንሳ 5.4 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ የክንፉ ስፋት 0.69 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። የእኛን የሳሳ አየር እፍጋት 0.92 ወስዳችሁ ወፉ በዙሩ ላይ የሚጠቀምበትን የአንሺ ኃይል መጠን ብታሰሉ ከላይ ባሉት ቁጥሮች 1.2 ያህል ታገኛላችሁ። ለሴስናው ስቶል ሒሳብ የተጠቀምንበት 1.5 ነበር። ወፉ ለስቶሉ ምን ያህል ቀርቦ እንደሚዞር፣ በቆላ ያሉት ወፎች ከደጋዎቹ ይልቅ ጠበብ ባለ ክብ ይሽከረከሩ እንደሆነም ከልኬታችሁ ማየት ትችላላችሁ። የለካችሁበትን ቦታ፣ ከፍታውንና ሰዓቱን ጽፋችሁ ውጤቱን ከነሰንጠረዡ ለዝግጅት ክፍላችን ብትልኩ በሚቀጥለው እትም ጎን ለጎን አድርገን እናወጣዋለን።